«ቲቸር፣ ቀዩ የታል?»

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሰማይ ነው፤ ዳሩ ግን መጨረሻው ወደ መማሪያ ክፍል ይመልሰናል።

አሜሪካ የምትኖረው አክስቴ አገር ቤት ስትመጣ አንድ አነስተኛ የኒውተን ቴሌስኮፕ አምጥታልኝ ነበር። ይህን ዓይነቱን መሣሪያ አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 ሠራው። አሠራሩም ቀላል ነው። በቱቦው ግርጌ ያለው ጎድጓዳ መስታወት ብርሃን ይሰበስባል፤ ከቱቦው አፍ አጠገብ ያለች ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ደግሞ ብርሃኑን ወደ ጎን፣ ወደ መመልከቻው ሌንስ ትመልሰዋለች። የእኔው መስታወት ስፋቱ 114 ሚሊ ሜትር ነው። በጨለማ የተከፈተ የዓይን ብሌን 7 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፣ መስታወቱ ከዓይን 250 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል ማለት ነው።

ለማስተማር ልምምድ በወጣሁባት ትንሽ ከተማ፣ በጥር ወር፣ የኦሪዮንን ኔቡላ ፎቶ ለማንሣት ቆረጥኩ። ኔቡላው ተደርድረው ከሚታዩት ከሦስቱ ከዋክብት አጠገብ ይገኛል። 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ፣ ከዋክብት የሚወለዱበት የጋዝና የአቧራ ደመና ነው።

ስልኬን መመልከቻው ላይ አስሬ ጀመርኩ። ኧረ መከራ! ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ከዋክብቱ እንደ ክር ተጎትተው ወጡ። መፍትሔው የመቆሚያውን ዘንግ ወደ ሰሜን ኮከብ አነጣጥሮ መዘወሪያውን በእጅ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ታዲያ በዚያ አካባቢ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል ጋራው ጋርዶታል። ምን ላድርግ? በኮምፓስና በፕሮትራክተር ገመትኩ። አራት ሌሊት በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ለእያንዳንዱ ፎቶ 4 ሰከንድ ሰጠሁት። ካልተበላሹት 144 መርጬ በኮምፒውተር ፕሮግራም ደራረብኳቸው። ሲደራረቡ ምስሉን የሚያደበዝዘው ብናኝ በ12 እጅ ይቀንሳል፤ 12 የ144 ስኩዌር ሩት መሆኑን ልብ ይሏል። ቀይ ደመና ብቅ ሲል ብቻዬን ጮኽኩ።

ፎቶውን አሳትሜ ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አሳየሁና አንድ ምሽት ቴሌስኮፑ ዘንድ ጠራኋቸው። መጀመሪያ ያየው ልጅ ቀና ብሎ፣ «ቲቸር፣ ቀዩ የታል?» አለኝ።

በቴሌስኮፑ የሚታየው ግራጫ ጭጋግ ብቻ ነው። እኔ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ወላጆች ቆመው ያዩኛል፤ አፈርኩ። «በደንብ እይ እንጂ!» አልኩት። ልጁ ደግሞ አጎነበሰ። ጥቂት ቆይቶ፣ «አዎ፣ አየሁት» አለ። ከእሱ በኋላ ያዩት ሁሉ ቀይ አየን አሉ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጆቹን ያዋሸኋቸው እኔ ነኝ። እያየ ያላየውን አየሁ የሚል ተማሪ ነገ ያልገባውን ገባኝ ይለኛል።

ሰኞ ክፍል ገብቼ፣ «ቀዩን ማንም በዓይኑ አያየውም፤ እኔም አላየሁትም» አልኳቸው። በጨለማ የሚያገለግሉን የዓይን ሕዋሳት ቀለም እንደማይለዩ፣ ዓይን ብርሃንን እንደ ካሜራ ለረጅም ጊዜ ማጠራቀም እንደማይችል አስረዳሁ። እንግሊዛዊው አንድሩ ኮመን እ.ኤ.አ. በ1883 ይህንኑ ኔቡላ 91 ሳንቲ ሜትር መስታወት ባለው ቴሌስኮፕ ፎቶ ሲያነሣ፣ በዓይን የማይታዩ ከዋክብት በፎቶው ላይ መውጣታቸውን ነገርኳቸው። ከዚያም አንዷን የ4 ሰከንድ ፎቶና የ144ቱን ድምር ጎን ለጎን ሰቀልኩ። ቀዩ እውነት ነው፤ የሃይድሮጅን ጋዝ ብርሃን ነው፤ ግን ተጠራቅሞ ነው የሚታየው።

ያ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እኔም አላየሁም ነበር» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን በዚያ ክፍል «አልገባኝም» የሚል እጅ በዛ።

ጓደኞቼ፣ የልምምድ ወቅታችሁ ሲደርስ ይህችን አስታውሱልኝ። «ገባችሁ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ሁሉም «አዎ» ካለ፣ ቆም ብላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ቴሌስኮፑ ማደሪያ ክፍሌ ውስጥ አለ፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ምሽት ብቅ በሉ። ግራጫውን አሳያችኋለሁ።

ከአንድ ሠልጣኝ