ድራማው ተሸለመ፣ እኔም ደሞዜን ጠየቅሁ

አድሚን ስሜን ደብቂልኝ።

ቤሩት የገባሁት በፈረንጆች 2016 ነው። ከ"ናዓም" በቀር አረብኛ አልችልም ነበር። ሥራዬ የማዳምን እናት መጠበቅ ነው፤ ቴታ ነው የምንላት። ቴታ ማታ ማታ የቱርክ ድራማ ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም። እኔም እግሯን እያሸሁ አብሬ አያለሁ። ድራማው በቱርክኛ "ካራ ሴቭዳ" ይባላል፣ በአረብኛ ደግሞ "ሁብ አዕማ"፣ ዕውር ፍቅር ማለት ነው። የፀጉር አስተካካይ ልጅ የሆነው ከማል የሀብታም ልጅ ኒሃንን ይወዳል፤ ከዚያ ያለው ለቅሶ ብቻ ነው።

ተዋንያኑ ቱርክ ቢሆኑም የሚሰማው ድምፅ የሶሪያ አረብኛ ነው። ለሊባኖስ ቋንቋ ቅርብ ስለሆነ ማታ የሰማሁትን ጠዋት ኩሽና ውስጥ እሞክረዋለሁ። ያልገባኝን ቴታን ስጠይቃት እየሳቀች ታስደግመኛለች። "ሐቂ" የምትለዋን ቃልም እንዲሁ ነው የያዝኳት። መብቴ፣ የሚገባኝ ማለት ናት።

በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ኒውዮርክ ውስጥ ኢንተርናሽናል ኤሚ የሚባል ሽልማት አለ። ከአሜሪካ ውጪ የተሠሩ የቴሌቪዥን ሥራዎች ይወዳደሩበታል። ከሽልማቱ በፊት ባሉት ቀናት ደግሞ እጩዎቹ የሚታዩበት ፌስቲቫል ይደረጋል። ኖቬምበር 20 ቀን 2017 የእኛ ድራማ በቴሌኖቬላ ዘርፍ አሸነፈ። በዚህ ዘርፍ ለቱርክ የመጀመሪያው ነበር።

ማዳም ዜናውን ከስልኳ አነበበችልን። ቴታ አጨበጨበች፣ ቡና አፍልተን ጠጣን። እኔ ግን የአራት ወር ደሞዝ አልተከፈለኝም ነበር። በጠየቅሁ ቁጥር መልሱ "ቡክራ" ነው። ሀገር ቤት እናቴ መድኃኒት አቋርጣለች። የዚያን ቀን ሁሉም ደስ ብሎት ሳይ ድፍረት መጣልኝና፣ "ማዳም፣ ቢዲ ሐቂ" አልኳት።

ደነገጠች። "ይሄን ማን አስተማረሽ?" አለች። ቴታ ቴሌቪዥኑን በጣቷ አሳየቻትና "ስጫት" አለቻት።

የሁለት ወሩን በሳምንቱ ሰጠችኝ። የቀረውን ለማግኘት እስከ ፋሲካ ያቺኑ ቃል ስደጋግም ከረምኩ፤ ግን አገኘሁት።

መድረክ ላይ የተጨበጨበው ለቱርኮቹ ነው፣ ይገባቸዋል። ድምፃቸውን ያዋሱትን ሶሪያውያን ግን ማንም አልጠራቸውም። እኔ ሸላሚ ብሆን ለእነሱ ነበር የምሰጠው።

አዲስ የመጣሽ እህቴ፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት ጆሮሽን ስጪው። "ሐቂ" የምትለዋን ቀድመሽ ያዣት። እናንተስ ቋንቋውን በምን ለመዳችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ለሀገራችን በሰላም ያብቃን።