ላዳው

እስካሁን «ቲቸር» እያላችሁ የምትከተሉኝ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ «ይሄ ሰማያዊና ነጭ ሳጥን ምንድነው? ማይክሮዌቭ ነው?» ብላችሁ በኮሜንት ላፌዛችሁብኝ ሁሉ መልስ አለኝ። ግን ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሳጥኑ ኮምፒውተር ነው። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው፤ ሳሎን ጥግ ከዋይፋዩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ሰርቨር የሚሉት ነው። የቤተሰባችን ፎቶ በሙሉ እሱ ውስጥ ነው። በማስተማር ዘመኔ ያወጣኋቸው ፈተናዎችና የማርክ ሊስቶች፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ በአንድ ስካን አድርጌ ያስገባኋቸው፣ እሱ ውስጥ ናቸው። ኪዊክስ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ደግሞ የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ይዞ ተቀምጧል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይነበባል። በ2012 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ የጠፋ ጊዜ ነው ይሄ ነገር የተጸነሰው። የጎረቤት ልጆች አሁን ለቤት ሥራቸው በራችን ላይ ቆመው ዋይፋዩን ይጠቀማሉ። ዲስኮቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። (ይሄ ብቻውን መጠባበቂያ እንዳይመስላችሁ። ሌባ ሁለቱንም አብሮ ነው የሚወስደው። ሦስተኛው ቅጂ እህቴ ቤት ነው።)

ማሽኑ ከመርካቶ የተገዛ የቢሮ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ሥራ ላይ እንከን የለውም። መልኩ ግን ምን ልበላችሁ! የፊቱ ፕላስቲክ እንደ ሲጋራ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ኩሽና መደርደሪያ ላይ ስላቆየሁት ደግሞ የወጥ እንፋሎት ጎኑን አዝጎታል።

መጀመሪያ ያስተካከልኩት ግን መልኩን ሳይሆን ሆዱን ነው። የዲስክ ቦታው ለሁለት ብቻ ስለነበር ምናለሽ ተራ ሄጄ ከላሜራ ለአራት የሚሆን መደርደሪያ አስቆረጥኩ። ሠሪው መለኪያዬን በወረቀት ስሰጠው ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጎ «ዲስኩን አምጣው» አለኝ፤ ልኩን በራሱ በዲስኩ ወሰደ። አንድ ሚሊ አልተሳሳተም። ቀጥሎ ሙቀት። እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህርነቴ ይነሳብኛልና ታገሡኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየራችን ከባሕር ዳርቻው አየር ከአምስት አንድ በላይ የሳሳ ነው። ፋን ደግሞ የሚያንቀሳቅሰው በመጠን እንጂ በክብደት አይደለም። እዚህም እዚያም ያንኑ ያህል ሊትር አየር ይገፋል፣ የኛው ሊትር ግን ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣ ሞለኪውል ያንሰዋል። ስለዚህ ፊቱ ላይ 12 ሳንቲሜትር ቀዳዳ በትራፓኖ አስቀድጄ ትልቅ ፋን ጨመርኩ። የዲስኮቹ ሙቀት ከ52 ወደ 41 ዲግሪ ወረደ። ለአቧራው ደግሞ የባለቤቴን አሮጌ ስቶኪንግ ፋኑ ፊት ወጥሬ አሰርኩት። አሮጌ መሆኑን ያረጋገጥኩት ከቆረጥኩት በኋላ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ሰላም ለማውረድ ሁለት ቀን ፈጅቶብናል።

ከዚያ «ፋሲካ ሳይደርስ ወይ ታሳምረዋለህ ወይ ከሳሎኔ ታወጣዋለህ» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ።

ራሴ ቀባሁት። በቆርቆሮ የሚሸጠውን ስፕሬይ ገዝቼ ግቢ ውስጥ ጋዜጣ አንጥፌ ጥቁር አደረግኩት። ለአንድ ቀን አምሮ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጎኑ እንደ አሮጊት እጅ ተጨማደደ፣ በሦስተኛው ቀን በጥፍሬ ነካ ሳደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ከታች ዝገቱ ቅባቱን እንደለበሰ ቁጭ ብሏል።

አንድ ወዳጄ ጎፋ አካባቢ ያለ ጋራዥ ጠቆመኝ። ሳጥኑን ባዶ አድርጌ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ይዤው ሄድኩ። ባትላሜው አየውና «ፋዘር፣ ይሄ የየትኛው መኪና ክፍል ነው?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። (በነገራችን ላይ ባትላሜ፣ ላሜራ፣ ካቻቢቴ፣ ትራፓኖ፣ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ጋራዥ ገብታችሁ በንጹሕ አማርኛ እንነጋገር ብትሉ በምልክት ነው የምትግባቡት።)

በዚህ መሃል ከአንድ ሚኒባስ ኋላ ማስክ ያጠለቀ ሰው ብቅ አለ። አየኝ፤ ማስኩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና «ቲቸር!» አለ።

ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። «እንዴት ነህ የኔ ልጅ፣ ጎረመስክ እኮ!» አልኩት። ፊቱን ግን በጭራሽ አላስታውሰውም። «በ2001 አስረኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምረውኛል» አለኝ። ስሙን እንዳልጽፍ ጠይቆኛል፤ «የቀለሙን ጥራት ብቻ ይጻፉ» ብሏል።

ሥራውን ማየት ነበረባችሁ። የእኔን ስፕሬይ በቲነር አጥቦ እስከ ብረቱ አወረደው። ዝገቱን በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት በላው፣ የተቆለመመውን ጠርዝ ባትላሜው በመዶሻ አቃናለት፣ ትንንሽ ጉድጓዶቹን በስቱኮ ሞላ፣ በውሃ ደግሞ በለስላሳው ፈገፈገ። የውስጡ ላሜራ ዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ቀለም እንደማይዝና ካልተፋቀ በቀር እንደ እኔው ልጣጭ እንደሚሆን ነገረኝ። «ቀለም መቀባት መጨረሻ ላይ ያለች ትንሽ ሥራ ናት ቲቸር» አለ። ከዚያ አንቲረስት። ቀለሙን ምን እናድርገው ስለው ወደ መደርደሪያው ሄዶ አንድ ጣሳ አወረደ። ከላዳ ታክሲ የተረፈ ሰማያዊ ነው። «ከታች ሰማያዊ፣ ጣሪያው ነጭ። ያምራል» አለኝ። ላዳ ከከተማው እየጠፋ ነው፤ ሳሎኔ ውስጥ አንድ ቢቀር ምን ይለዋል አልኩ።

ሊረጭ ሲል ቆመ። ሳጥኑን አገላብጦ አየውና፣

«ቲቸር፣ ብረቱ ሁሉ ከተቀባ ኧርዙ በየት በኩል ይሄዳል?» አለኝ።

ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላሰብኩበትም ነበር። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የብረት ልባሱ በኬብሉ ሦስተኛ ሽቦ ከመሬት ጋር ይገናኛል፤ ሳጥኑ ደግሞ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር የሚገናኘው ብረት ለብረት ሲነካካ ነው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ውስጥም ውጭም ሁሉንም ከቀባችሁት እያንዳንዱ ክዳን ለብቻው የቀረ ብረት ይሆናል፤ አንድ ሽቦ ተልጦ ቢነካው ፊውዝ ሳይወድቅ ይቀራል፣ ቀጥሎ የሚነካው ሰው ነው ወደ መሬት መንገድ የሚሆነው። ይሄን ትምህርት ስንት ዓመት ብላክቦርድ ላይ እንደሳልኩት እናንተ ታውቃላችሁ። ሳጥኑን ራቁቱን አስቀምጦ የጠየቀኝ ግን አስረኛን ያልጨረሰ ልጅ ነው።

የፓወር ሰፕላዩን መቀመጫ፣ የማዘርቦርዱን እግሮችና የክዳኖቹን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር እየሸፈነ «እርሶ ናቸው ያስተማሩን» አለ። «ሬዲዮን በብረት ሳጥን ውስጥ አስገብተው ነበር።»

ሬዲዮኑን አስታወስኩ። እሱን አሁንም አላስታወስኩትም። ለምን አስረኛን ሳትጨርስ ቀረህ አልኩት። እጁን ሳያቆም ነገረኝ። ማታ ማታ ታክሲ ላይ ረዳት ነበር፤ እናቱ ታማ ስለነበር። ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ ነው፣ ሁሌ ያረፍዳል። አንድ ቀን ከበሩ መልሼ «ወላጅ ይዘህ ካልመጣህ ክፍሌ እንዳትገባ» አልኩት።

«አባት የለኝም። እናቴ አልጋ ላይ ናት። ይሄን ክፍል ፊት መናገር አፈርኩ። ነገ እመጣለሁ እያልኩ ማትሪክ አለፈ» አለ።

የተናገረው እንደ ክስ አልነበረም፤ የጎማ ዋጋ እንደሚነግረኝ ሰው ነበር። እኔ ግን የቆምኩበት ጠፋኝ። ያ «ወላጅ ይዘህ ና» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ ከአፌ እንደወጣ አስቡት። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ብለው፣ በዓመት ስንት ነው? ከነዚያ ውስጥ ተመልሶ ያልመጣውን ቆጥሬ አላውቅም። ባዶ ወንበር እኮ ጸጥ ያለ ነገር ነው፤ ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ማን ያየዋል።

ኮምፕሬሰሩ ተነሳ። እሱ ማስኩን መልሶ መርጨት ሲጀምር ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ሰምቶኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሦስት ስስ ቅብ ቀባው፣ በየመሃሉ እስኪደርቅ ጠበቀ፤ ወፍራም ከሆነ ይፈሳል። ሲጨርስ «እንዳይነኩት፣ ሐሙስ ይምጡ» አለኝ። ሐሙስ ሄድኩ። ዋጋውን አልቀነሰልኝም። ደስ አለኝ።

ቤት አስገብቼ ሁሉን መልሼ ከገጠምኩ በኋላ ጥያቄው አልለቀቀኝምና መልቲሜትሬን አወጣሁ። በሳጥኑና በፓወር ሰፕላዩ መካከል ዜሮ ኦም፤ ልጁ ጥሩ አድርጎ ሸፍኖታል። ከዚያ በሳጥኑና በውጪው የውሃ ቧንቧ መካከል ለካሁ፤ ወደ 100 ቮልት! ሶኬቱን ፈታሁት። ሦስተኛዋ ቀዳዳ ከኋላዋ ምንም ሽቦ የላትም፤ ለጌጥ ነው የተቀመጠችው። ለዓመታት ማጠቢያ ማሽኑ «ይነዝራል» ስትለኝ ባለቤቴን «እጅሽ እርጥብ ስለሆነ ነው» እላት የነበርኩት የፊዚክስ መምህር እኔ ነኝ። ኤሌክትሪሺያን አስመጥቼ ግቢ ውስጥ የመዳብ ዘንግ አስቀበርኩ፣ የቤቱን መስመር አስቀየርኩ። አሁን አይነዝርም። እሷም ይሄንን በየእንግዳው ፊት ታወራዋለች፤ መብቷ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ሁሉም ሲተኛ ላዳውን ከፍቼ የ2001ን ማርክ ሊስት ፈለግኩ። አገኘሁት። በስሙ ትይዩ አንደኛ ሴሚስተር ፊዚክስ፣ 78። ከክፍሉ አራተኛ ነው። ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ከዳር እስከ ዳር በማስመሪያ የተሰመረ ቀይ መስመር፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ «አቋርጧል»። ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ መስመር ነው። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ልላክለት አልላክለት እያልኩ ሁለት ቀን ቆየሁ። በመጨረሻ ፎቶውን በቴሌግራም ላኩለት፤ ከሥሩም በኮምፕሬሰሩ ድምፅ መሃል ያልኩትን በጽሑፍ ደገምኩት። አየው። ሲጽፍ ይታየኛል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይጽፋል።

«78 ነበረኝ እንዴ?» አለኝ።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፦ «ቲቸር፣ የኋላውን ክዳን ቶሎ ቶሎ አይክፈቱት፣ ቀለሙ ገና አልጠነከረም። ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ።»