ብሎኑ ሳይሆን ዳዶው

ዌክቦርድ ሰው ሁለት እግሩን በጫማ ታስሮ፣ በጀልባ ወይም ከላይ በተዘረጋ ገመድ እየተጎተተ ውኃ ላይ የሚንሸራተትበት ሰሌዳ ነው። ገንዘብና ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ጨዋታ ነው፤ እሱን እንተወው። ግን ያ ሁሉ ዝላይና ግልበጣ የተንጠለጠለው በምን ላይ ይመስላችኋል? ለአንድ እግር ሁለት፣ ቢበዛ አራት ብሎን። እያንዳንዱ ብዙውን ጊዜ የ6 ሚሊሜትር።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ ይህን ሰሌዳ የሚያከራይ ቤት ውስጥ አንድ የአዳማ ልጅ ይሠራል። ከመሄዱ በፊት የጋራዥ ረዳት ነበር። ዋና እንኳን አይችልም፤ ብሎን ግን ያውቃል። ማታ ማታ ሰሌዳዎቹን ጨው በሌለው ውኃ ያጥባል፣ ቀን ደግሞ የጫማዎቹን ርቀት በየደንበኛው ቁመት ልክ እየፈታ ያስተካክላል።

አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ዘሎ ሲያርፍ የግራ ጫማው ከነመቀመጫው ተነቅሎ ወጣ። ቀኙ አልተላቀቀም። እንዲህ ሲሆን ነው አደጋው፤ ሁለቱም ቢወጡ ሰውየው ውኃ ውስጥ ወድቆ ይስቃል፣ አንዱ ብቻ ሲቀር ግን ሰሌዳው በዚያ እግር ላይ እንደ ማንሻ ሆኖ ጉልበት ይጠመዝዛል። የደንበኛው ጉልበት አበጠ። አለቃው ምንም ሳይመረምር «ብሎን አላጠበቅህም» አለና የሰሌዳው ዋጋ ከደመወዙ እንዲቆረጥ ወሰነ።

ልጁ ሰሌዳውን ገልብጦ አየው። ብሎኑ አልላላም። ጫፉ ላይ የነሐስ ዳዶውን እንደነከሰ፣ ከሰሌዳው ገላ ሙጫና ፋይበርግላስ ቦጭቆ ነው የወጣው። ፎቶ አንስቶ አዳማ ላለው የድሮ አለቃው በኢሞ ላከለት።

«ጋሼ፣ ይሄ ላልቶ ነው እንዴ የሚወጣው?»

«አንተ ልጅ፣ ይሄማ ታንቆ የሞተ ነው» አሉት።

ትክክል ናቸው። የሰሌዳው ሆድ ፎም ወይም ቀላል እንጨት ነው፤ በላዩ ፋይበርግላስ ይለበሳል። ዳዶዎቹ ሲሠራ እዚያው ውስጥ ይቀበራሉ። ብሎን ቢበላ በትንሽ ገንዘብ ይገዛል። የተቀበረው ዳዶ ግን ከአልጋው ከተላቀቀ ከብሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል፤ አይጠብቅም፣ አይፈታም፣ በዙሪያው ውኃ ወደ ሆድ ይገባል። የሰሌዳው ዕድሜ የሚለካው በማይታየው ዳዶ ነው።

ዳዶውን ማን ነው የሚያላቅቀው? አንደኛ ትራፓኖ። በእጅ ካቻቪቴ የሚያጠብቅ ሰው ብሎኑ ሲይዝ መዳፉ ይነግረዋል፣ ያቆማል። ትራፓኖ አይሰማውም። እዚያ ቤት ደግሞ ወረፋ ሲበዛ «በትራፓኖ አድርገው፣ ቶሎ!» የሚለው ያው ደመወዝ የቆረጠው አለቃ ነው። ሁለተኛው ጨው ነው። የማይዝግ ብረት ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ የባሕር ውኃ ሲያገኝ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ነጭ ዱቄት ይወጣና ብሎኑ በቦታው ይነክሳል። የነከሰን ብሎን በጉልበት ሲያስለቅቁት የሚጎዳው ከሥር ያለው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሰሌዳው ሲሠራ የታሰበው ለባለቤቱ ነው፤ ጫማውን አንዴ ልኩ ላይ አስሮ ወራት ለሚጫወትበት። አከራይ ቤት በቀን ብዙ ጊዜ ይፈታል፣ ያስራል። የታክሲን በር እንደ ቤት መኪና በር መቁጠር ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። ቶኒ ፊን በ1985 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ «ስከርፈር» ያለውን ሰሌዳ ሲያወጣ መጀመሪያ እግር ማሰሪያ አልነበረውም። ማሰሪያው በዚያው ዓመት መጣ። እግር ሲታሰር መዝለል ተቻለ፤ መዝለል ሲቻል ማረፍ መጣ። ከዚያ ወዲህ ድብደባውን ሁሉ የሚቀበለው ማሰሪያው የተያዘበት ቦታ ነው።

መፍትሔ የሚመስል ነገር አለ። በበረዶ ሰሌዳ በርተን «ቻናል» እንደሚለው፣ በዌክቦርድም አንዳንዶች ላይ፣ በተናጠል በተቀበሩ ዳዶዎች ፋንታ ሐዲድ ይገባል፤ ዳዶው በውስጡ ይንሸራተታል፣ ሲበላም ወጥቶ ይቀየራል። ለአከራይ ቤት ይሄ ይሻላል። አሸዋ ይገባበታል፣ እውነት ነው፤ አሸዋ ግን በውኃ ይታጠባል።

ልጁ ይህን ሁሉ ለአለቃው ለማስረዳት ሞከረ። የተነቀለውን ዳዶ መዳፉ ላይ አስቀምጦ አሳየው። አለቃው አየና «እሺ» አለ፤ ቅነሳው ግን በሁለት ወር ተከፋፍሎ ቀጠለ።

አሁን ሁሉንም በእጅ ነው የሚያጠብቀው። ደንበኛ የመጀመሪያ ዙሩን ጨርሶ ሲወጣ ያስቆመውና አንዴ ይፈትሻል፤ የሚበሳጩ አሉ። ትራፓኖው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። የማታ ተረኛው እሱ ስለሆነ ባትሪውን ቻርጅ ማድረግ የእሱ ሥራ ነው። አያደርግም።