ካሴቱ ሳይበላሽ፣ የሚያውቀውም ሳያልፍ

በብዙዎቻችን ቤት ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆውና ከሲኒው ጀርባ፣ የሠርግ ወይም የክርስትና በዓል የተቀረጸባቸው የቪዲዮ ካሴቶች ተቀምጠዋል። ማጫወቻው ዴክ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ካሴቱን ግን ልንጥለው አንደፍርም፣ ልናየውም አልቻልንም። ዛሬ ለእኅቶቼ ላጫውት የወደድሁት በዚሁ ነገር እኔን የገጠመኝን ነው።

ታላቅ እኅቴ የተዳረችው በ1987 ዓ.ም. ነበር። በመልሱ ዕለት አያታችን ሙሽሮቹን ሲመርቁ ተቀርጸዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። ፎቶግራፋቸው አለን፤ ድምፃቸው ያለው ግን በዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት ካሴቱን ሳወጣው ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ አየሁ። ባለሙያ ማማከር ሲገባኝ ቸኮልሁና ከጎረቤት በተዋስሁት ዴክ ውስጥ ከተትሁት። ምስሉ ጥቂት እንደታየ ዴኩ ክሩን በላው። እናቴ «ተይ ልጄ፣ አትጎትቺው!» ብላ ባትከለክለኝ ኖሮ በበጣጠስሁት ነበር።

ካሴት የሚገለብጠው ባለሙያ እንዳስረዳኝ፣ ክሩ ማለት በስስ ፕላስቲክ ላይ በሙጫ የተያያዘ የማግኔት ዱቄት ነው። ሙቀትና እርጥበት ሙጫውን ያላሉታል። የሻገተ ካሴት ሳይጸዳ ከተጫወተ ክሩም ዴኩም ይጎዳል። የዴክ የመጨረሻው አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራውን ስላቆመ፣ ዛሬ ያሉት በጥገና የሚኖሩ አሮጌዎች ናቸው። ግልበጣው ደግሞ በአፍታ አያልቅም፤ ሦስት ሰዓት የተቀረጸበት ካሴት ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

የተበላው ክር ተቆርጦ ተቀጠለ። ከአያታችን ምርቃት መጀመሪያው ጠፍቶ መጨረሻው ተረፈ።

ፊልሙን ከእናቴ ጋር ስንመለከት፣ ከአያታችን አጠገብ ተቀምጠው እንባቸውን በነጠላቸው የሚጠርጉ ሴት አየሁና «እኚህ ማን ናቸው?» አልኋት። ብዙ አሰበች። «በአባትሽ በኩል ናቸው፤ ስማቸው ግን ጠፋኝ» አለች። አባቴ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል። ካሴቱን ቀደም ብለን አስገልብጠነው ቢሆን ኖሮ ይነግሩን ነበር።

ስለዚህ እኅቶቼ፣ ካሴታችሁን ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቁ። የሻገተ ከሆነ ራሳችሁ አታጫውቱት። ካስገለበጣችሁ በኋላም በአንድ ፍላሽ ብቻ አትተማመኑ፤ ሌላ ቅጂ በዘመድ ቤት አስቀምጡ። ከሁሉም በላይ ግን ፊልሙን ከሽማግሌዎቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩ፤ ማን ማን እንደሆነም እየጠየቃችሁ ጻፉ። ምስሉን መሣሪያ ይገለብጠዋል፤ ስሙን የሚነግረን ግን የሚያውቀው ሰው ነው።

እኔና እናቴ በየእሑዱ ከቡና በኋላ ይህንኑ ይዘናል። እስካሁን አርባ አንድ ስም በደብተር ጽፈናል። የእኚያ ሴት ስም ቦታ ግን ክፍት ነው።