ስልኩ የማን ነው?

«እማማ፣ በቃ ጨረስኩልሽ፤ ከአሁን በኋላ ስልኩ ያንቺ ነው» አለኝ የልጅ ልጄ።

የ2015 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነበር። ጂዳ የምትኖረው ልጄ በሰው እጅ የላከችልኝ ታች ስልክ እንደታሸገ ቢቸና ደርሶ፣ የልጅ ልጄ ፈትቶ ሲያስተካክለው ነው ያመሸው። ከዚያ በፊት የነበረኝ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሦስት አራት ቀን ይቆያል፣ መብራት አለው፣ ሬዲዮ አለው። ለአንዲት ጡረታ ለወጣች አስተማሪ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋታል እያልኩ ነበር ዓመታቱን ያሳለፍኩት።

ያን ምሽት እኔ ቡና እያፈላሁ እሱ ጣቱን ያሯሩጣል። «ኢሜይል ይፈልጋል፤ እኔ አወጣልሻለሁ» አለኝ። «እሺ» አልኩት። «የስልክ ቁጥር ይፈልጋል፤ የኔን አስገባለሁ፤ ኮዱ ቶሎ እንዲመጣልን» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ኮዱ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ያን ዕለት ያልጠየቅሁት ጥያቄ በኋላ ብዙ አስከፈለኝ፤ እሱን ለመንገር ነው ብዕር ያነሣሁት።

በመጀመሪያ ግን ስለ ስልኩ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ያስገረመኝ ብዙ ነበርና።

አንደኛው ቋንቋው ነው። አማርኛ ያውቃል። «ቅንብሮች» የሚለውን ስነካ ሁሉም ነገር በአማርኛ ተዘርዝሮ አገኘሁት። ነገር ግን አነጋገሩ ሥርዓት ይጎድለዋል። አንድ ነገር ልሠራ ስል «ፍቀድ» ወይም «አትፍቀድ» ይለኛል። ልብ በሉ፣ «ፍቀጂ» እንኳን አይለኝም። ስድሳ ዓመት ያለፈኝን ሴት እንደ አንድ ጎረምሳ «አንተ» እያለ ነው የሚያናግረኝ። መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ኋላ ግን «ልጅ ነው፣ ያድጋል» ብዬ ተውኩት።

ሁለተኛው ፊደሉ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሕፃናትን ሀ ሁ ሳስቆጥር ኖሬያለሁ። የስልኬ የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ለ ስነካ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ ተሰልፈው ብቅ አሉ። ጥቁር ሰሌዳዬን ያገኘሁ መሰለኝ። ልጆቻችን በላቲን ፊደል አማርኛ ሲጽፉ አይቼ «ፊደላችን ከስልክ ጋር አይስማማም» ብዬ አምን ነበር። ስህተት ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት ከነቤተሰቦቻቸው፣ 231ዱም፣ እዚያች መስታወት ውስጥ ገብተዋል።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። የኔ ሰዓት ጠዋት አንድ ሲል እሱ ሰባት ይላል። ቀኑንም በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ሰዓቱን ስድስት በመቀነስ ለመድኩት፤ ቀኑን ግን ዛሬም ከግድግዳዬ ካሌንደር ነው የማየው። አራተኛው ለእኛ ለመነጽር ለባሾች ነው። ቅንብሮች ውስጥ ገብቶ የፊደሉን መጠን ማሳደግ ይቻላል። ይህን ያወቅሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ስልኩን እንደ መርፌ ቀዳዳ ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ነበር የማነብበው።

በጎረቤቴና በእኔ ስልክ መካከል ያለውን ልዩነት ስጠይቅ የልጅ ልጄ እንዲህ አስረዳኝ። የስልኩ አካል አንድ ነገር ነው፤ አካሉን የሚያሠራው ደግሞ ሌላ ነው። የሚያሠራው አንድሮይድ ይባላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ አነስተኛ ኩባንያ ጀመረው፤ በ2005 ጉግል ገዛው፤ እሱን የያዘው የመጀመሪያው ስልክ በ2008 ለገበያ ቀረበ። አይፎን የሚሠራው በራሱ ኩባንያ ሥርዓት ሲሆን፣ አንድሮይድን ግን ብዙ ስልክ አምራቾች ወስደው እንደየፍላጎታቸው ያሳምሩታል። ስለዚህ የእኔና የጎረቤቴ ስልክ መልካቸው ቢለያይም ውስጣቸው ዘመዳሞች ናቸው። «አንድ ዓይነት ጤፍ ተዘርቶ እንጀራው በየቤቱ እንደሚለያየው በለው» አልኩት። ሳቀ።

ከሁሉ ይበልጥ የወደድኩለት ጠባይ ግን መጠየቁ ነው። ድምፅ ለመቅዳት የመጀመሪያ ቀን ስሞክር «ድምፅ እንዲቀዳ ትፈቅዳለህ?» ዓይነት ጥያቄ አመጣ። አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ «ማነው ፈቃድ የሚጠይቅሽ?» አለችኝ። «ስልኩ ነው፣ እምዬ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «የሚጠይቅ ይሻላል» አለች።

የእናቴ ቃል ጠቅሞኛል። አንድ ቀን የልጅ ልጄ ጓደኛ የመብራት ፕሮግራም ጫነልኝና ፕሮግራሙ የስልክ ማውጫዬን ለማየት ፈቃድ ጠየቀኝ። መብራት ለመብራት የዘመዶቼን ቁጥር ለምን ይፈልጋል? «አትፍቀድ» የሚለውን ነካሁ። ስልኩ ከገዛ ራሱ መብራት እንዳለውም ቆይቼ ተረዳሁ።

እናቴን መቅዳት የጀመርኩት ልጄ ጠይቃኝ ነው። «እማ፣ የአያቴን ድምፅ ላኪልኝ፤ ልጆቼ ይስሙት» አለችኝ። እናቴ ያን ጊዜ ሰማንያ አምስት ዓመት አልፏታል። በቴሌግራም የላክሁላት የመጀመሪያው ቅጂ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ እናቴ የትውልድ ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ልትቆጥር ጀምራ አምስተኛው ላይ ስትደርስ «ቆይ፣ ቡናው ገነፈለ!» ብላ አቋረጠችው። «ይሄ ተበላሸ፤ ሌላ ጊዜ የተሟላውን እልክልሻለሁ» ብዬ ለልጄ ጻፍኩላት።

ከዚያ የ2015 ዓ.ም. ክረምት መጣ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ወራት ተቆጠሩ። ብዙ ሰው «ታች ስልክ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል?» ብሎ ወደ ባለ ቁልፉ ተመለሰ። እኔ ግን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን መፈለግ ጀመርኩ። ካሜራው ይሠራል፤ ድምፅ መቅጃው ይሠራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እናቴን ስድስት ጊዜ ቀዳኋት። ሐረጉን አሟልታ ቆጠረችልኝ። አባቷ ስለ አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ዘመን የነገሯትን፣ ጥጥ እንዴት እንደምትፈትል፣ በስንት ዓመቷ እንደተዳረች፣ ምጣድ ሲሟሽ ምን እንደሚደረግ ተናገረች። «ኔትወርክ ሲመለስ ሁሉንም በአንድ ቀን እልካለሁ» እያልኩ አስቀመጥኳቸው።

እናቴ ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ላይ ዐረፈች።

በሐዘኑ ሰሞን ስልኩን አልነካሁትም። ባትሪው አልቆ ተዘጋ። ሰኔ ላይ ድምፅዋን ልስማ ብዬ ቻርጅ አድርጌ ስከፍተው የመክፈቻ ምልክቱን ጠየቀኝ። ዘጠኝ ነጥቦች ላይ በጣት የሚሣል ምልክት ነው። እንዳልረሳው ብዬ ፊደል የሚመስል ነገር ነበር የሣልኩት። ገ ነበር? ነ ነበር? ወይስ ተ? ሞከርኩ፣ አይደለም አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ። ሠላሳ ሰከንድ ጠብቅ አለኝ። ከዚያ በኋላ የሚያስጠብቀኝ ጊዜ እየረዘመ ሄደ።

ወደ አንድ ስልክ ጠጋኝ ወሰድኩት። ልጁ ጨዋ ነው፤ በእሱ አልፈርድም። «እትዬ፣ ፎርማት ካልተደረገ አይከፈትም፤ ውስጡ ያለው ይጠፋል» አለኝ። ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ በእጄ ሰጠኝና «ፎቶዎቹ እዚህ ላይ ናቸው፤ አይነኩም» አለኝ። እኔ ድምፁም እዚያው ያለ መሰለኝ። «ድምፁስ የት ነው የተቀመጠው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ! አልጠየቅሁም። «እሺ» አልኩ፤ ልክ እንደዚያ እንደ ገናው ምሽት።

ድምፁ የነበረው ካርዱ ላይ ሳይሆን ስልኩ ውስጥ ነበር። ስድስቱም ጠፉ።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። ስልኩ እንደ አዲስ ተነሥቶ ሰላምታ ሰጠኝና ከኢንተርኔት አገናኘኝ አለ። ከዚያም ከዚህ በፊት የነበረውን የጉግል አካውንት እንዳስገባለት እንደሚፈልግ ጠጋኙ ነገረኝ። ይህ ሌባ ለመከላከል የተሠራ ነው፤ የሰረቀ ሰው ስልኩን አጥፍቶ እንዳይጠቀምበት። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን በዚያ ጊዜ ሌባዋ እኔ ሆንኩ። ኢሜይሉን አላውቀውም፣ የይለፍ ቃሉን አላውቀውም፣ ኢንተርኔትም የለም።

ስልኩ መንገድ ሲከፈት በሰው እጅ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ፣ የልጅ ልጄ ዘንድ ሄደ። እሱም የይለፍ ቃሉን ረስቶታል። ማስታወሻ ኮዱ የሚመጣው ደግሞ በዚያ ምሽት ባስገባው ቁጥር ነው፤ ያን ሲም ከጣለው ቆይቷል። ደግነቱ ቁጥሩ ገና በስሙ ነበርና መታወቂያውን ይዞ ሄዶ ምትክ አወጣ። ኮዱ መጣ፣ ስልኩም ተከፈተ። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ላይ ቢቸና ሲመለስልኝ ከአካውንቱ ጋር ተያይዘው የተቀመጡት የዘመዶቼ ቁጥሮች ተመልሰው ነበር። የእናቴ ድምፅ ግን ከሌላ ቦታ አልተቀመጠምና ሊመለስ አልቻለም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በክልላችን በ1990ዎቹ የገጠር መሬት የይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀምር የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፍ ነበር። ከዚያ በፊት ዕድሜዋን ሙሉ ስታርም፣ ስታጭድ የኖረች ሴት በወረቀቱ ላይ የለችም ነበር። ደብተሩ ሲመጣ ስሟን አየችው። እኔ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ለሴቶች እየነገርኩ፣ የገዛ ስልኬ ላይ ግን ስሜ አልነበረም። በእጄ ይዤዋለሁ፤ ደብተሩ ግን በሌላ ሰው ስም ነው። የልጅ ልጄ ክፋት አስቦ አይደለም፤ ሊያቀልልኝ ብሎ ነው። እኔም «ይሄ የልጆች ነገር ነው» ብዬ ዓይኔን ስለመለስኩ ነው።

ስለዚህ እንደ እኔ ዘግይታችሁ ስልክ ለያዛችሁ እናቶችና አባቶች የምለው አለኝ። አካውንቱ በራሳችሁ ስምና በራሳችሁ ስልክ ቁጥር ይውጣ። ተጨማሪ ቁጥር ሲጠይቅ የምታምኑትን ልጅ ቁጥር ጨምሩ፤ የእናንተ ግን ይቅደም። የይለፍ ቃሉንና የመክፈቻ ምልክቱን በደብተር ጽፋችሁ፣ መታወቂያችሁና የቤታችሁ ካርታ ከሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ አኑሩት። የምትሳሱለት ድምፅና ፎቶ በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ፤ አንዱ ካርዱ ላይ፣ አንዱ ልጆቻችሁ ዘንድ ይሁን። «ተበላሸ» ያላችሁትንም ቢሆን ላኩት። ስልኩን ለጠጋኝ ስትሰጡ «ምን ይጠፋል? የቱ ይቀራል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለልጆችና ለልጅ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። ስልኩን ከእጃችን ወስዳችሁ በሁለት ደቂቃ አትጨርሱልን። በእጃችን እንደያዝን አጠገባችን ቁጭ በሉ። አንድ ሰዓት ቢፈጅም ይፍጅ። እናንተም ሀ ሁን በአንድ ቀን አልቆጠራችሁም።

ሐረጉን በተመለከተ፣ ኢንተርኔት ሲመለስ ልጄ ያን «የተበላሸውን» ሦስት ደቂቃ መልሳ ላከችልኝ። አምስት ስም፣ ከዚያ «ቆይ፣ ቡናው ገነፈለ!»፣ ከዚያ የእናቴ ሳቅ። የቀሩትን ሁለት ስሞች ፍለጋ ሞጣ ወደምትኖረው የእናቴ ታናሽ እህት ሄድኩ። አክስቴ ሁለቱን ስሞች ነገረችኝ፤ አራተኛውንና አምስተኛውንም እናቴ አቀያይራቸዋለች ብላ ተከራከረችኝ። ሁሉንም ቀዳሁት፤ እዚያው ሳለሁ ለልጄ ላክሁት፤ ካርዱም ላይ ገለበጥኩት።

ስጨርስ አክስቴ ስልኩን አገላብጣ አየችው። «ይሄ የማን ነው?» አለችኝ።

«የኔ ነው» አልኳት። «በስሜ ነው።»