መልመዱ የት ሄደ?

አካል መቀያየርን መነሻ ያደረጉ የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ፊልሞች አንድ ነገር ይዘላሉ፤ መልመዱን። እ.ኤ.አ. በ1969 በተላለፈው የ«ስታር ትሬክ» ክፍል ዶክተር ጃኒስ ሌስተር በአንድ ጥንታዊ መሣሪያ የካፒቴን ከርክን አካል ትወስድና ወዲያው መርከቧን ማዘዝ ትጀምራለች። ባልደረቦቹ የሚጠረጥሯት በጠባይዋ እንጂ በአረማመዷ አይደለም። ነፍስ ሾፌር፣ ሥጋ መኪና የሆነ ይመስል። መቀሌ ውስጥ ይህን ሐሳብ የሚያፈርስ ማስረጃ አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት እግራቸውን ያጡ ሰዎች፣ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፈው በቆየው የከተማዋ የአካል ተሐድሶ ማዕከል ሰው ሠራሽ እግር ይሠራላቸዋል። የቀረው እግር በጄሶ ይለካል፣ በልኩ የፕላስቲክ ማቀፊያ ይቀረጻል፣ ከዚያ በሁለት ትይዩ ብረቶች መካከል እርምጃ እንደ አዲስ ይጠናል። ጡንቻው ሲከሳ ማቀፊያው ይላላል፤ ልኬቱም እንደገና ይጀመራል። የሌለው ጣት ደግሞ ማሳከኩንና ማመሙን ላይተው ይችላል፤ አእምሮ የቀድሞውን አካል ቶሎ አይረሳምና።

«ድርሰት እኮ ነው፤ ዓላማው በሌላው ሰው ቦታ ሆኖ ማየት ነው» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው የላስቲክ እጅ ሙከራም አእምሮ ባዕድ አካልን በደቂቃዎች ውስጥ የራሴ ሊል እንደሚችል አሳይቷል። ይሁን እንጂ የራሴ ማለት ሌላ፣ ቆሞ መሄድ ሌላ። በሌላው ቦታ መሆን ማለት ደግሞ በዋናነት ይኸው ነው፤ በማይታዘዝ ጉልበት ደረጃ መውጣት፣ የማያውቁትን ክብደት መሸከም። አንድ ተከታታይ ፊልም ሙሉ ክፍሉን ለዚያ ደረጃ ቢሰጥ፣ ከየትኛውም የጠፈር ጦርነት ይልቅ እሱን ቁጭ ብዬ አያለሁ።