«ምን ይሉኛል» እና የተቆለፉት ሰርቨሮች

እኛ ተማሪዎች የግቢ ጥበቃ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በር ላይ መታወቂያ የሚያየው ዘበኛ ነው። ውጤታችንና የመመረቂያ ጽሑፋችን ያለበትን ሰርቨርስ ማን ይጠብቀዋል?

ኔዘርላንድስ ውስጥ በማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 በሀሰተኛ ኢሜይል የመጣ ሊንክ ተከፈተ። ሰርጎ ገቦቹ ከሁለት ወር በላይ ድምፃቸውን አጥፍተው ውስጥ ለውስጥ ተዘዋወሩ። ዲሴምበር 23 ላይ 267 ሰርቨሮችን ቆለፉ። ዩኒቨርሲቲው መክፈቻውን ለማግኘት 30 ቢትኮይን ከፈለ።

እኛን ከገንዘቡ በላይ ያስደነገጠን ያ ሁለት ወር ነው። ባለሙያዎች በጊዜ ከተነገራቸው ፓስወርድ ያስቀይራሉ፣ የተነካውን ኮምፒውተር ከኔትወርክ ይነጥላሉ። ካልሰሙ ግን ከምን ይጀምራሉ? በየግቢያችን ደግሞ አፍ የምታስይዘው «ምን ይሉኛል» የምትባለዋ ናት።

ማስትሪክት ግን የደረሰበትን አልደበቀም፤ በፌብሩዋሪ 2020 በአደባባይ ዘርዝሮ ተናገረ። ዩኒቨርሲቲ ያላፈረበትን እኛ ለምን እናፍርበታለን?

ወንድሞችና እህቶች! የአንድ ሰው ፓስወርድ የብዙዎች አማና ነው። አጠራጣሪ ሊንክ በነካ ጓደኛችሁ አትሳቁበት። ፓስወርዱን እንዲቀይር አግዙት፤ ሳይውል ሳያድር ወደ አይሲቲ ቢሮ አብራችሁት ሂዱ።